ገበጣን ለኮምፒውተር ማስተማር፦ በኮሎምበስ የጀማሪ ጌም ሠሪዎች መንገድ

የኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ ኮሎምበስ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የምትታወቀው ይበልጡን ለኑሮ አመቺ በመሆኗ ነው። የቤት ኪራይዋ ከዋሽንግተንና ከሲያትል ይቀላል፤ የዕቃ ማከማቻ መጋዘኖቿም አዲስ ለመጣ ሰው የመጀመሪያ የሥራ በር ናቸው። ከተማዋ በኮምፒውተር የሚንቀሳቀስ ሥዕል ከተጠነሰሰባቸው ጥቂት ሥፍራዎች አንዷ መሆኗን ግን በውስጧ ከሚኖሩት መካከል እንኳ ብዙዎቹ ልብ አይሉትም። ዛሬ በኮሎምበስ አንድ ተማሪ የመጀመሪያውን የቪዲዮ ጌም ለመሥራት ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ የሚገጥመው ትግል፣ ከ60 ዓመት በፊት በዚያው ከተማ አንድ ጎልማሳ ሠዓሊ ከገጠማቸው ጋር እጅግ ይመሳሰላል።

ሠዓሊው ቻርልስ ቹሪ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1922 በዌስት ቨርጂኒያ የድንጋይ ከሰል ማውጫ መንደር ውስጥ ከሃንጋሪ ከመጡ ስደተኛ ወላጆች ተወለዱ። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኑ ተጫዋች ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1942 የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሻምፒዮንነት ያገኘው እርሳቸው በተጫወቱበት ቡድን ነው። ከዚያ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመቱ፤ በአርደን ጫካ በተደረገው ከባድ የክረምት ውጊያ ተሳትፈው የነሐስ ኮከብ ሜዳይ ተሸለሙ። ከጦርነቱ ሲመለሱ ኳሱን ትተው ሥዕል አጠኑ፤ በተማሩበት ዩኒቨርሲቲም የሥነ ጥበብ መምህር ሆኑ። እስከዚህ ድረስ በታሪካቸው ውስጥ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም።

እ.ኤ.አ. በ1964 ግን በአንድ ኅትመት ላይ በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ዓይናቸው ገባ። የ42 ዓመቱ መምህር ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር በዘመኑ ለነበረ ሠዓሊ እንግዳ ነው፤ ፕሮግራም አጻጻፍ በሚሰጥበት ክፍል ገብተው ከጀማሪዎች ጋር መማር ጀመሩ።

የዚያን ጊዜ ጀማሪ ምን ይገጥመው እንደነበር ለዛሬው አንባቢ ማስረዳት ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው የነበረው አይቢኤም 7094 የተሰኘ ግዙፍ ማሽን ሲሆን፣ ፕሮግራም የሚጻፍለት በቁልፍ ሰሌዳና በስክሪን ሳይሆን በሚበሱ የወረቀት ካርዶች ነበር። ተማሪው እያንዳንዱን የትእዛዝ መስመር በአንድ ካርድ ላይ ያስበሳል፤ የካርዱን ክምር ለማሽን ክፍሉ ሠራተኞች ያስረክባል፤ ከዚያም ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ያለ ቦታዋ ከገባች የሚመለስለት ሥዕል ሳይሆን የስሕተት ዝርዝር ነው፤ አርሞ እንደገና ወረፋ ይይዛል። የዛሬው ተማሪ ስሕተቱን በሰከንድ ውስጥ ያያል፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ይሁን እንጂ የካርዱ ዘመን ተማሪ ከማስረከቡ በፊት ሥራውን በጭንቅላቱ አሥር ጊዜ የማስኬድ ግዴታ ነበረበት፤ ዛሬ ያ ልማድ መሳሳቱ ያስቆጫል።

ፕሮፌሰር ቹሪ በመጀመሪያ የተማሩት ቁም ነገር ኮምፒውተር ሥዕልን የማያውቅ መሆኑን ነው። ማሽኑ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ በእጅ የተሣለው መስመር በነጥቦች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ነጥብ በአግድምና በቁመት ስንት ላይ እንዳለ ይመዘገባል። ሥዕል የቁጥር ሠንጠረዥ ከሆነ ዘንድ ደግሞ በሒሳብ ሊታዘዝ ይችላል። ቁጥሮቹን በሁለት ብታባዛቸው ሥዕሉ ያድጋል፤ በሳይን ቀመር ብታሳልፋቸው ፊቱ በውኃ ላይ እንዳረፈ ጥላ ይወዛወዛል። እ.ኤ.አ. በ1967 ከፕሮግራም ጸሐፊው ጄምስ ሻፈር ጋር የሠሩት በሳይን ሞገድ የተሰበረ የሰው ፊት የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። በዚያው ዓመት «ሃሚንግበርድ» የተሰኘውን አጭር ፊልም ሠሩ። ትንሿ ወፍ ክንፏን ስታራግብ፣ ስትበታተን፣ ተመልሳም ስትገጣጠም የሚያሳየው ይህ ሥራ ከ30 ሺህ በላይ ምስሎች አሉት፤ ምስሎቹን በቀጥታ በፊልም ላይ የቀረጸው በኮምፒውተር የሚታዘዝ የማይክሮፊልም ፕሎተር ነው። የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1968 ፊልሙን ገዝቶ በቋሚ ስብስቡ ውስጥ አኖረው።

ለጌም ሠሪዎች ከወፏ ይልቅ የሚቀርበው ግን ሌላው የ1967 ሥራቸው ነው። «ራንደም ዋር» ወይም የዘፈቀደ ጦርነት ይሰኛል። የአንድን የአሻንጉሊት ወታደር ምስል ወደ ቁጥር ለውጠው ቀይና ጥቁር የሆኑ ሁለት ጦሮች ሠሩ፤ ለወታደሮቹም የእውነተኛ ሰዎችን ስም ሰጡ። ከዚያ በኋላ ማን የት እንደሚቆም፣ ማን እንደሚሞት፣ ማን እንደሚቆስል፣ ማን የደረሰበት እንደሚጠፋና ማን ሜዳይ እንደሚሸለም እንዲወስን የተተወው ለዘፈቀደ ቁጥር አመንጪ ነበር። ኮምፒውተሩ የሟቾቹን፣ የቁስለኞቹንና የተሸላሚዎቹን ዝርዝር በስማቸው አትሞ አወጣ። በአርደን በረዶ ውስጥ ጓደኞቻቸው ሲወድቁ ያዩ ሰው፣ ራሳቸው ሜዳይ ያጠለቁ ሰው፣ ሞትንና ሽልማትን ለዕጣ አሳልፈው ሲሰጡ ትርጉሙ ቀላል አይደለም። ዛሬ በየጌሙ ውስጥ ጠላት የሚያመልጠው ወይም የሚሞተው፣ ሣጥን ሲከፈት ወርቅ ወይም ባዶ የሚሆነው በዚያው ዓይነት የዘፈቀደ ቁጥር ነው፤ ልዩነቱ ዛሬ ማንም የሟቾቹን ስም አለማንበቡ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ በኮሎምበስ ጎብኚዎች ራሳቸው ምስሉን የሚያንቀሳቅሱበት ዐውደ ርእይ ቀረበ። ሰው በብርሃን ብዕር ስክሪኑን ሲነካ ምስሉ እዚያው በዚያው ምላሽ ይሰጥ ነበር። ፊልም ተመልካቹን አይሰማም፤ ይህ ግን ይሰማል። ጌምን ጌም የሚያደርገውም ይኸው መስማት ነው። ፕሮፌሰር ቹሪ የመሠረቱት የምርምር ቡድን ኋላ ላይ የዩኒቨርሲቲው የላቀ ኮምፒውቲንግና የሥነ ጥበብ ማዕከል ሆነ፤ ከዚያ የወጡ ተማሪዎችም በፊልምና በጌም ኢንዱስትሪው ተሠማሩ። እርሳቸው እስከ ስተርጅና ድረስ ከኮምፒውተር ሥዕል ሳይለዩ እ.ኤ.አ. በ2022 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

የከተማዋ ድርሻ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1969 በኮሎምበስ የተመሠረተው ኮምፑሰርቭ የተባለ ድርጅት ቀን ቀን ለኩባንያዎች የሚያከራያቸው ኮምፒውተሮች ሌሊት ሥራ እንደሚፈቱ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በስልክ መስመር ለግለሰቦች መሸጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1985 «አይላንድ ኦቭ ኬስማይ» የተባለውን ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚጫወቱበትን ጌም አቀረበ። ምስል የለውም፤ ጭራቁም፣ ዋሻውም፣ ጀግናውም በፊደላትና በምልክቶች ይታያሉ። ዋጋው በዝቅተኛው የመስመር ፍጥነት በሰዓት 6 ዶላር፣ በፈጣኑ 12 ዶላር ነበር። አንድ ወር ሙሉ ተጫውቶ የስልክና የአገልግሎት ሒሳቡ ሲመጣለት የሚደነግጠውን አባወራ መገመት አያዳግትም። በዚሁ ድርጅት ውስጥ የሚሠራው ስቲቭ ዊልሃይት የመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1987 ጂአይኤፍ የተባለውን የምስል ቅርጽ አወጣ፤ ዛሬ በየስልኩ የሚዘዋወሩት እየተደጋገሙ የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ ምስሎች የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው።

እንግዲህ የዛሬው ጀማሪ ይህን ሁሉ ወርሶ ይጀምራል። መሣሪያው በእጁ ነው። ሁለት አርጀንቲናውያን፣ ሁዋን ሊኒየትስኪና አሪየል ማንዙር፣ የሠሩት ጎዶት የተባለ የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንም በነጻ ክፍት ነው። ዩኒቲ የተባለው ታዋቂ መሥሪያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ጌሙ በተጫነ ቁጥር ክፍያ ሊጠይቅ ማቀዱን ሲያስታውቅ ብዙ ሠሪዎች ወደ ጎዶት ፊታቸውን አዙረዋል፤ ኩባንያው ዕቅዱን ከአንድ ዓመት በኋላ ሰርዞታል። ለሕፃናት ደግሞ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ስክራች አለ፤ ትእዛዛቱ እንደ መጫወቻ ጡብ የሚገጣጠሙ ሲሆን ቋንቋውን ወደ አማርኛ መቀየርም ይቻላል።

መሣሪያ መኖሩ ግን መንገዱን አያሳጥርም። ጀማሪው ብዙ ጊዜ የሚነሣው በልቡ ውስጥ አንድ ታላቅ ዓለም ይዞ ነው፤ ተራሮች፣ ከተሞች፣ በመቶ የሚቆጠሩ ገጸ ባሕርያት። በመጀመሪያው ሳምንት ስክሪኑ ላይ ያለው ግን አንድ ነጭ ካሬ ነው። ካሬው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ከዚያም ከስክሪኑ ወጥቶ ይጠፋል።

ካሬው ለምን እንደሚሄድ መረዳት የትምህርቱ መግቢያ ነው። ጌም ማለት በማያቋርጥ ዙር የሚደጋገም ሥራ ነው፤ ተጫዋቹ የነካውን ቁልፍ ያነባል፣ የሁሉንም ነገር አዲስ ቦታ ያሰላል፣ ሥዕሉን ይሥላል፣ እንደገና ይጀምራል። በተለመደው ፍጥነት ይህ ዙር በሰከንድ 60 ጊዜ ይጠናቀቃል። ለአንዱ ዙር የሚደርሰው ጊዜ ከ17 ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ነው፤ ዓይን ለመርገብ ከሚፈጅባት ጊዜ እጅግ ያጥራል። ጀማሪው ካሬው በየዙሩ 5 ነጥብ እንዲራመድ ያዝዛል፤ በእርሱ ኮምፒውተር በሰከንድ 300 ነጥብ ይሄዳል፤ ደስ ይለዋል። ሥራውን በሰከንድ 144 ጊዜ የሚሥል ስክሪን ላለው ጓደኛው ሲልከው ግን ያው ካሬ በሰከንድ 720 ነጥብ እየበረረ ጌሙ የማይቻል ይሆናል። መፍትሔው ርምጃን በዙር ሳይሆን ባለፈው ጊዜ መለካት ነው፤ ፍጥነት ሲባዛ በጊዜ። በስምንተኛ ክፍል የፊዚክስ ደብተር ላይ ትርጉም ሳይሰጥ የታለፈው ቀመር እዚህ ነፍስ ይዘራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ግድግዳ ነው። አንድ ኳስ በሰከንድ 1,500 ነጥብ ቢበር በአንዱ ዙርና በሚቀጥለው መካከል 25 ነጥብ ይዘላል። ግድግዳው 10 ነጥብ ብቻ ስፋት ካለው ኳሱ በአንዱ ዙር ከወዲህ፣ በሚቀጥለው ከወዲያ ይገኛል፤ ግድግዳውን ሳይነካ ያልፋል። በኮምፒውተር ዓለም ውስጥ «መካከል» የሚባል ነገር ራሱ ካልተሰላ በቀር የለም። ብዙ ጀማሪዎች ሥራውን የሚተዉት እንዲህ ባለው ሥፍራ ነው፤ ከክብደቱ ይልቅ የሚያሸንፋቸው ስሕተቱ የትም አለመጻፉ ነው። ፕሮግራሙ የታዘዘውን አድርጓል፤ የታዘዘው ግን የታሰበው አልነበረም።

ታላላቆቹም በዚሁ አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 አለን አልኮርን የተባለ ወጣት መሐንዲስ አዲስ በተመሠረተው አታሪ ኩባንያ ሲቀጠር ጌም ሠርቶ አያውቅም ነበር። አለቃው ኖላን ቡሽኔል እጁን እንዲያፍታታ አንድ ኳስና ሁለት መምቻ ያለው ቀላል የጠረጴዛ ቴኒስ እንዲሠራ አዘዘው፤ ሥራው ለጄኔራል ኤሌክትሪክ የሚቀርብ ነው ብሎም ዋሸው። አልኮርን ከታዘዘው ላይ ጥቂት ጨመረ። መምቻውን በስምንት ክፍል ሸንሽኖ ኳሱ እንዳረፈበት ክፍል አቅጣጫው እንዲለያይ አደረገ፤ ጨዋታው ሲረዝምም ኳሱ እንዲፈጥን። በወረዳ ስሕተት ምክንያት መምቻዎቹ እስከ ስክሪኑ ጫፍ አይደርሱም ነበር፤ ጨዋታውን ሲያከብደው አይቶ እንዳለ ተወው። «ፖንግ» በካሊፎርኒያ በአንድ መጠጥ ቤት ለሙከራ ተተክሎ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተበላሸ ተብሎ ሲጠራ፣ ሄዶ ያገኘው የሳንቲም ሣጥኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ መታነቁን ነው። የመለማመጃ ሥራ የአንድ ኢንዱስትሪ መነሻ ሆነ። ለጀማሪ ትንሽ ጌም ጀምሮ መጨረስ ከሁሉ የተሻለ ምክር የሆነው ስለዚህ ነው።

ለኢትዮጵያዊ ጀማሪ ደግሞ ከፖንግ ይልቅ ቅርብ የሆነ ትንሽ ጌም አለ፤ ገበጣ። በየሐና በመጠራ ድንጋይ ላይ የተቆፈሩት የገበጣ ረድፎች በአክሱም ዘመን እንደተጫወቱበት ይገመታል። በተለመደው በአንዱ ዓይነት ሁለት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር አለ፤ በጠቅላላው 48። ለኮምፒውተር ይህ 12 ቁጥሮች የተደረደሩበት ሠንጠረዥ ነው። ጠጠር መዝራት ማለት ከአንዱ ጉድጓድ ያለውን ወስዶ ለሚቀጥሉት አንድ አንድ መጨመር ነው። መጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሲደረስስ? እዚህ ላይ የአበሻ ሰዓት ይረዳል። ከ10 ሰዓት ላይ 5 ሰዓት ብትጨምር 15 ሰዓት አትልም፤ 12ቱን ጥለህ 3 ሰዓት ትላለህ። ፕሮግራሙም ያንኑ ያደርጋል፤ ለ12 አካፍሎ ቀሪውን ይይዛል። ጌሙ በትክክል መሥራቱን ማረጋገጫውም ከዚሁ ይገኛል፤ በጉድጓዶቹና በተበሉት ውስጥ ያሉት ጠጠሮች ድምር ምንጊዜም 48 መሆን አለበት። 47 ከመጣ አንድ ቦታ አንድ ጠጠር ጠፍቷል፤ ተማሪው ዱካዋን ይከተላል።

ይህ ቀላል የሚመስል ጨዋታ ጥልቀቱ አያልቅም። የገበጣ ዘመድ የሆነውንና በምዕራብ አፍሪካ ተወዳጅ የሆነውን አዋሪን የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ጆን ሮማይንና ሄንሪ ባል እ.ኤ.አ. በ2002 ሙሉ በሙሉ ፈትተውታል። በ144 ፕሮሰሰሮች ለ51 ሰዓት አስልተው ከ889 ቢሊዮን በላይ የሆኑ የጨዋታ አቋሞችን መረመሩ፤ ሁለቱም ወገኖች ያለ ስሕተት ከተጫወቱ ውጤቱ አቻ ነው። በኢትዮጵያ በኩል አዲስ አበባ የሚገኘው የዳዊት አብርሃም ቅኔ ጌምስ ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቶታል፤ «ኩኩሉ» በተባለው ሌላ ጌሙም ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮ ታስሮጣለች።

ጀማሪው «ጀምር» የሚል ቁልፍ በአማርኛ ሊያስቀምጥ ሲሞክር ደግሞ ሌላ ነገር ያያል፤ በፊደላቱ ፋንታ ባዶ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል። የጌም መሥሪያው ይዞት የመጣው ፎንት የላቲንን ፊደል ብቻ ነው የሚያውቀው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከ300 በላይ ቅርጾች ያሉት ሲሆን ለእንግሊዝኛ ግን ከ100 ያነሱ ይበቃሉ። መፍትሔው የግዕዝ ፎንት አውርዶ ከጌሙ ጋር ማያያዝ ነው፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሚያሳይ ሰው ከሌለ ሳምንት ይፈጃል። በእንግሊዝኛ ስለ ጌም አሠራር የተጻፈው መማሪያ የትየለሌ ሆኖ ሳለ ይህችን ጉዳይ የሚያነሣው ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን በየትኛውም መማሪያ አይገኝም። የመጨረሻው ጠጠር ሦስት ጠጠር ባለበት የባላጋራ ጉድጓድ ወድቆ አራት ሲሆን ምን ይደረጋል? የተበላው ጉድጓድ የማን ነው? ባላጋራ የሚዘራው ቢያጣ ጨዋታው ያበቃል ወይስ ተራው ያልፋል? መልሱ ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከቤት ቤት ይለያያል። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያና ከአካባቢው የሰበሰቧቸው የገበጣ ሕጎች ብዛት ራሱ ይህንን ይመሰክራል። በሰው መካከል ሲጫወቱ ያልተስማሙበት ሕግ በክርክርና በሳቅ ይታለፋል፤ ኮምፒውተር ግን «እንደ ልማዱ» የሚባል ትእዛዝ አይቀበልም። በኮሎምበስ ያለው ተማሪ ኮዱን ለመቀጠል አገር ቤት መደወል ሊኖርበት ነው፤ ለዚያውም የሰዓቱን ልዩነት ቆጥሮ፣ ገበጣ በልጅነታቸው አፈር ላይ ቆፍረው የተጫወቱት አያት ወይም አጎት ሳይተኙ። ስልኩ ሲነሣም መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ሕጉ ሳይሆን አይቀርም፤ የሚመለሰው ግን «የትኛውን ገበጣ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ነው።